ሐይቁና ገንዳው፦ በአኳሪየም ውስጥ የብርሃንና የማዳበሪያ ሚዛን አጭር ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ለሳይንስ ታሪክ ያነሰ ሊመስል ይችላል። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ዓሣና የውሃ ዕፅዋት የሚያሳድግ ሰው፣ አልጌ መስታወቱንና ቅጠሉን ሲወርስበት ምን ያድርግ? ብርሃኑን ይቀንስ ወይስ ማዳበሪያውን? ጥያቄው የሳሎን ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ የመጣው ከሳሎን ውጭ፣ ከእርሻ ማሳና ከሐይቅ ነው። ላሳያችሁ የምፈልገውም በአንድ ሥፍራ እውነት የሆነ ሕግ ወደ ሌላ ሥፍራ ሲሻገር የሚገጥመውን ነው። ዓመታቱን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ለለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር አንድ ጽሑፍ አቀረበ። 12 ጋሎን በሚይዝ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሁለት ወርቃማ ዓሦችና ቫሊስኔሪያ የተባለ የውሃ ተክል አኑሮ ነበር። ዓሣው የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ይወስዳል፤ ተክሉ የሚሰጠውን ኦክስጅን ዓሣው ይተነፍሳል። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ያረጁት ቅጠሎች እየበሰበሱ ውሃውን አደፈረሱት፣ መስታወቱም አረንጓዴ ለበሰ። ዋሪንግተን ጥቂት የኩሬ ቀንድ አውጣዎች ቢጨምር እነርሱ የበሰበሰውን በልተው ውሃውን አጠሩለት። እንግዲህ ለእርሱ ሚዛን ማለት የእንስሳ፣ የተክልና የቀንድ አውጣ ስምምነት ነው። ማዳበሪያ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም፤ ዓሣው እስካለ ድረስ ማን ያስበዋል?

የገዛ ልጁ አሰበው ማለት ይቻላል። ስሙም እንደ አባቱ ሮበርት ዋሪንግተን ነው። ይህ ሰው የእርሻ ኬሚስት ሆኖ በሮተምስተድ የምርምር ጣቢያ ሲሠራ፣ በአፈር ውስጥ አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለወጥበትን ሂደት ለዓመታት አጥንቷል። ዛሬ አዲስ ገንዳ የሚያዘጋጅ ሰው በመጀመሪያ የሚማረው ይኸንኑ ለውጥ ነው። ሮተምስተድ ደግሞ የሱፐር ፎስፌት ማዳበሪያን በ1842 በስሙ ያስመዘገበው ጆን ሎውስ በርስቱ ላይ የመሠረተው ጣቢያ ነው። ሰብል የሚያድገው በጣም ባነሰው ንጥረ ነገር ልክ ነው የሚለው፣ ካርል ስፕሬንግል ያፈለቀውና ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ያስፋፋው ሕግም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። ይህን ሕግ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የብርሃንን ነገር ከሳይንስ ማኅበራት ቀድመው የተረዱት ግን ገንዳ ጠባቂዎች ይመስሉኛል። ዊልያም አልፎርድ ሎይድ በ1871 በተከፈተው የክሪስታል ፓላስ አኳሪየም ውስጥ፣ ከማሳያ ገንዳዎቹ በብዙ የሚበልጥ ውሃ ከሥር በጨለማ ማጠራቀሚያ አኖረ። ውሃው በጨለማውና በብርሃኑ መካከል ያለማቋረጥ ይዘዋወር ነበር። በጨለማ የሰነበተ ውሃ አረንጓዴ እንደማይሆን ሎይድ በሥራው ዐውቆታል። ይህ የእጅ ዕውቀት ከቴክኒክ ወደ ንድፈ ሐሳብ ሳያድግ መቅረቱ ያሳዝናል።

አሁን 100 ዓመት ያህል ልዝለል። 1973 ለርእሳችን ልዩ ዓመት ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ 226 የሚል ቁጥር የተሰጠውን ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ፤ በሌላው ወገን በእነዚያ ላይ ፎስፎረስ አከሉ። ፎስፎረስ የተጨመረበት ወገን በአልጌ ተሸፈነ፤ ሌላው ጠርቶ ቀረ። ከአየር ላይ የተነሣው ፎቶግራፍ ፎስፌት ከልብስ ማጠቢያ ሳሙናዎች እንዲወጣ በተደረገው ክርክር ውስጥ ከማንኛውም ሠንጠረዥ የበለጠ ተናግሯል። የሊቢግ ሕግ ከማሳ ወደ ሐይቅ ተሻግሮ በክብር ቆመ።

በዚያው ዓመት ታሊንግ፣ ውድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር በቢሾፍቱ አካባቢ ስላሉት የኪሎሌና የአረንጓዴ ሐይቆች ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። የሁለተኛው ስም ራሱ ግማሹን ውጤት ይናገራል። በእነዚህ የሶዳ ሐይቆች ውስጥ ንጥረ ምግብ የተትረፈረፈ በመሆኑ አልጌው እጅግ ከመጠጠሩ የተነሣ ራሱን በራሱ ይጋርዳል፤ ብርሃኑ በላይኛው ስስ ንጣፍ ውስጥ ተጠምጥሞ ያልቃል። ተመራማሪዎቹ የለኩት ምርት ብርሃን አስተጻምሮ በውሃ ውስጥ ሊደርስበት ከሚችለው የላይኛው ወሰን የተጠጋ ነበር። እዚህ ዕድገትን የሚገድበው ፎስፎረስ ሳይሆን ብርሃን ነው።

ሁለት ሐይቅ፣ ሁለት ገዳቢ። ወደ ገንዳው የገባው የካናዳው ትምህርት ብቻ ነው።

በ1996 ፖል ሲርስና ኬቨን ኮንሊን የተባሉ የአኳሪየም አፍቃሪዎች በሰፊው የተነበበ ጽሑፍ አወጡ። የድሃ ሰው የማዳበሪያ ጠብታ የሚል ትርጉም ያለው የቀልድ ስም የተሰጠው ቅመማቸው ፖታሲየም፣ ናይትሬት፣ ማግኒዚየም፣ ብረትና ሌሎች ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ነበሩት። ፎስፌት ግን ሆን ተብሎ ተትቷል። ሌላው ሁሉ ሲሟላና ፎስፌት ብቻ ሲጎድል፣ ትልልቆቹ ተክሎች ያለችውን ቀድመው ይወስዷታል፤ አልጌው ይራባል። ከዚያ በፊት ብዙዎች አልጌ ባዩ ቁጥር ማዳበሪያ ያቆሙ ስለነበር፣ ተክልን መመገብ አልጌን መከላከል ነው የሚለው ሐሳብ ትልቅ እርምጃ ነው። ጽሑፉን በአክብሮት የማነበውም ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ጥቂት ቆይቶ አሜሪካዊው ቶም ባርና ሌሎች ፎስፌትን ራሱን ይጨምሩ ጀመር፤ ተክሎቹ ጤናማ በሆኑበት ገንዳ አልጌ አልመጣም። ባር ከዚህ ተነሥቶ ያስፋፋው ዘዴ ሁሉንም ንጥረ ነገር በዛ አድርጎ ሰጥቶ በየሳምንቱ 50 በመቶ ውሃ መለወጥ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ተክሉ ምንም ባይወስድ እንኳ ክምችቱ ከአንድ ሳምንት መጠን እጥፍ አያልፍም። የፎስፌት መለኪያው ከጠረጴዛ ላይ ተነሣ፤ ትኩረቱ ወደ ብርሃንና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዞረ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ዓሣ በየቀኑ በሚመገብበት ገንዳ ውስጥ ለአልጌ የሚበቃ ፎስፎረስ ምንጊዜም አለ፤ እጥረቱ ቢከፋ በመጀመሪያ የሚጎዳው ብዙ የሚሻው ተክል ነው። ገንዳው በዚህ ረገድ ከሐይቅ 226 ይልቅ ለአረንጓዴ ሐይቅ ይቀርባል። ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም፤ በሶዳ ሐይቅ ውስጥ ከአልጌው ጋር የሚሻማ ሥር ያለው ተክል የለም። በገንዳው ግን ብርሃን ሲበዛ የተክሉ የካርቦን ፍላጎት አብሮ ይጨምራል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በረጋ ውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ 10,000 ጊዜ ያህል በዝግታ ይሰራጫል። ብርሃን ያዘዘውን ውሃው ማቅረብ ሲሳነው ተክሉ ዕድገቱን ያቆማል፣ አሮጌ ቅጠሉ ይላላል፣ አልጌም በላዩ ይሰፍራል። ብርሃኑን የቀነሰ ሰው እንግዲህ አልጌውን ከማስራቡ በላይ ለተክሉ ዕዳ እያቃለለ ነው።

በመጨረሻ ስለ ማስረጃው ዓይነት አንድ ነገር ልበል። ፎስፌት በዝቶበት አልጌ የሌለበት አንድ ገንዳ፣ ፎስፌት ብቻውን አልጌ ያመጣል የሚለውን አባባል ለመሻር ይበቃል። አልጌን ምን እንደሚያመጣው ግን አይናገርም። ጥቂት አሞኒያ ነው የሚሉ አሉ፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መዋዠቅ ነው የሚሉም አሉ። ሺንድለር መጋረጃ ነበረው፤ የሳሎን ገንዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማነጻጸሪያ የለውም፤ አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ብርሃኑንም፣ ማዳበሪያውንም፣ ውሃውንም ለውጦ የተሳካለትን ለአንዱ ያስመዘግባል። ከዚህ መካከል ሁለት እኩል ገንዳዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የመብራቱን ሰዓት ብቻ የሚለውጥ ተማሪ ቢገኝ ውጤቱን ለመስማት እጓጓለሁ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልለፍ።