ታፔላችን በማን ቋንቋ ይናገር?

ጠላ ቤት ለማግኘት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ከአጥሩ በላይ ብቅ ባለ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ወይም ኩባያ ተደፍቶ ካየን፣ እዚያ ቤት ጠላ እንዳለ እናውቃለን። ይህ የአገራችን ታፔላ ነው። አጭር ነው፣ ከሩቅ ይታያል፣ ለማንም ግልጽ ነው። ዛሬ በቡፎርድ ሃይዌይ ወይም በክላርክስተን አንዲት ጠባብ ሱቅ ለመክፈት የዓመታት ቁጠባዋን ያወጣች እህታችን የሚገጥማት ጥያቄ ግን ከዚህ የከበደ ነው። በሱቋ ግንባር ላይ ምን ታጽፍ? በየትኛው ፊደል? የትኛውስ ይጉላ?

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የቀለምና የጌጥ ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። የታፔላን ታሪክ መለስ ብሎ ላየ ሰው ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ እዚህ በጆርጂያ፣ የሱቅ ግንባር በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ማን ባለቤት ነው፣ ማንስ እንግዳ ነው ከሚለው ጥያቄ ተለይቶ አያውቅም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከለገሃር እስከ ፒያሳ

አዲስ አበባ ከተማ ሆና ስትቆም ትልልቆቹን ሱቆች ከያዙት መካከል አርመኖች፣ ግሪኮችና ሕንዶች ነበሩበት። በዚያን ዘመን የውጭው ንግድና የዲፕሎማሲው ቋንቋ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነበር። የአቢሲኒያ ባንክ በ1915 ያወጣቸው የወረቀት ገንዘቦች እንኳ በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፉ ነበሩ። በ1917 የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» አሉት። ሕዝባችን ቃሉን በራሱ አንደበት አዙሮ «ለገሃር» አለውና የሰፈር ስም አደረገው። ዛሬ ለገሃር የሚል ሰው ፈረንሳይኛ እየተናገረ መሆኑ ትዝ አይለውም።

በ1936 ፋሺስት ኢጣሊያ ከተማዋን ያዘች። የአገሬው ሰው ከነጮቹ ተለይቶ ይገበያይ ተባለና፣ በአራዳ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ «መርካቶ ኢንዲጀኖ»፣ ማለትም የአገሬው ተወላጅ ገበያ፣ የሚል ስም ወጣለት። አራዳ ደግሞ ፒያሳ ሆነች። ወራሪው በ1941 ሲባረር የዘር መለያ ሕጉም አብሮት ሄደ፤ ስሞቹ ግን ቀሩ። ባንኮኒ የምንለው የኢጣሊያ ቃል ነው። «ታፔላ» የምንለው ራሱ «ታቤላ» ከሚለው የኢጣሊያ ቃል የመጣ ነው። ስለዚህ ሕዝባችን የባዕድ ቃል አይፈራም፤ ወዶ ሲወስደው የራሱ ያደርገዋል። የሚያንገሸግሸው ቃሉ ሳይሆን ግዳጁ ነው።

ከነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ሆነ፤ በ1955 የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አደረገው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የምናስታውሰው ታፔላም ይኸው ነው፤ ከላይ በአማርኛ፣ ከታች በእንግሊዝኛ። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ሥዕሉ ነበረለት። ፀጉር አስተካካዩ የተከረከመ ራስ ያሥላል፣ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪና ያሥላል። በ1979 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ ጎልማሶች ከደብተር ባልተናነሰ ከታፔላ ላይ ፊደል ለቅመዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ብንሆን በዚህ ነገር ንጹሕ አልነበርንም። በአማርኛ አፉን ያልፈታ ወገናችን በገዛ ከተማው የገዛ ቋንቋውን በታፔላ ላይ ሳያይ ያደገበት ዘመን ነበር። ከ1991 በኋላ ክልሎች በየቋንቋቸው መጻፍ ሲጀምሩ፣ በ1995ቱ ሕገ መንግሥትም ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት ዕውቅና ሲያገኙ፣ ቅር ያለው ሰው ብዙ ነበር። ዛሬ በሰው አገር ስንቀመጥ ነገሩን ከሌላው ወገን ሆነን ለማየት ተገደናል። ጫማው የት ላይ እንደሚቆነጥጥ የሚያውቀው ያደረገው ሰው ነው።

የፖሞናና የኖርክሮስ ነገር

በካሊፎርኒያ የምትገኘው የፖሞና ከተማ የእስያ ነጋዴዎች ሲበዙባት አንድ ደንብ አወጣች። በታፔላው ላይ የባዕድ ፊደል ያለው ነጋዴ ቢያንስ የጽሑፉን ግማሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ማድረግ አለበት አለች። የሰጠችው ምክንያት የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ቤቱን ቶሎ ለይተው እንዲያውቁት የሚል ነበር። የእስያ አሜሪካውያን ነጋዴዎች ማኅበር ከሰሰ። በ1989 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ደንቡ የመናገር ነፃነትንና በሕግ ፊት እኩል የመታየት መብትን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ሰው የሚናገርበት ቋንቋ የማንነቱ አካል ነው ማለቱ ነበር።

ወደ ቤታችን እንምጣ። በቡፎርድ ሃይዌይ ወደ ሰሜን ሲነዱ ከዶራቪል አልፎ የምትገኘው ኖርክሮስም በ1990ዎቹ የታፔላ አብዛኛው ክፍል በእንግሊዝኛ እንዲሆን የሚያስገድድ ደንብ ነበራት፤ በስፓኒሽ የጻፉ ነጋዴዎችም ተቀጥተውበታል። ይህ በሆነበት ዘመን፣ በ1996፣ አትላንታ የዓለምን ሕዝብ ለኦሊምፒክ ጋብዛ ነበር። ፋጡማ ሮባ በማራቶን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሥር ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቁት በዚሁ ከተማ ነው። ስማቸው በየሰሌዳው ላይ በላቲን ፊደል ሲበራ በኩራት አልቅሰናል። ያንኑ ስም በራሳችን ፊደል በሱቃችን ላይ መጻፍ ግን ገና ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

የፖሞናው ፍርድ የተሰጠው በካሊፎርኒያ ነው፤ የጆርጂያን ዳኛ አያስገድድም። ይሁን እንጂ በ2015 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጊልበርት በተባለች የአሪዞና ከተማ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ መንግሥት ታፔላን በያዘው መልእክት እየለየ መቆጣጠር እንደማይቀለው አስረግጧል። ከተማው ስለ ስፋቱ፣ ስለ ከፍታው፣ ስለ መብራቱና ስለሚሰቀልበት ቦታ ደንብ ማውጣት ይችላል፤ በየትኛው ቋንቋ ትጽፋለህ ብሎ ለመጠየቅ ግን ብርቱ ምክንያት ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ይህ መብት ከመንግሥት ይጠብቀናል እንጂ ከሕንፃው ባለቤት አይጠብቀንም። የፕላዛው ባለንብረት «ታፔላው በዚህ ቀለም፣ በዚህ የፊደል ዓይነት ብቻ» የሚል አንቀጽ በኪራይ ውሉ ካስገባና ከፈረምንበት፣ በኋላ «ፊደላችንን ከለከሉን» ብንል የሚሰማን የለም። ስለዚህ የታፔላውን ንድፍ ፊደሉ እንዳለበት አዘጋጅቶ፣ ከውሉ ጋር አያይዞ፣ ከመፈረም በፊት ማስጸደቅ ነው። ደንቡም በየከተማው ይለያያል። ያው አንዱ ቡፎርድ ሃይዌይ ቻምብሊንና ዶራቪልን ያቋርጣል፤ በ2012 ብሩክሄቨን ከተማ ሆና ስትመሠረት ደግሞ ያ ክፍል ከካውንቲው እጅ ወደ እርሷ ዞሯል። ሳትጠይቁ ገንዘብ አታውጡ። ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ልኩ ያለበት ንድፍ፣ የባለንብረቱ የስምምነት ደብዳቤና፣ ታፔላው የሚበራ ከሆነ የኤሌክትሪክ ፈቃድ ነው።

ከመኪና የሚነበብ

የፒያሳ ታፔላ የተጻፈው ለእግረኛ ነው። ሰውየው ቆም ብሎ «የወንዶችና የሴቶች ልብስ፣ ጫማ፣ ልዩ ልዩ ሸቀጣ ሸቀጥ» የሚለውን አንብቦ ይገባል። የአትላንታ ታፔላ የሚነበበው ግን ከመኪና ነው። በሰዓት 45 ማይል የሚነዳ ሰው በሰከንድ 66 ጫማ ይጓዛል። ሦስት ሰከንድ አየ ብንል ወደ 200 ጫማ ሄዷል ማለት ነው። ባለሙያዎች በጥሩ ሁኔታ እንዲነበብ ለየ10 ጫማው ርቀት የ1 ኢንች ቁመት ያለው ፊደል ያስፈልጋል ይላሉ። በዚህ ስሌት ከ200 ጫማ የሚታይ ፊደል 20 ኢንች ይሆናል። ስምና የሥራው ዓይነት በሁለት ወይም በሦስት ቃል ይበቃል። ስልክ ቁጥሩና የሸቀጡ ዝርዝር ወደ መስኮቱ ይውረድ፤ እዚያ የሚያነበው እግረኛ ነው።

ፊደላችን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በላቲኑ አንዱ ፊደል ከሌላው በቅርጹ ይለያል፤ በእኛ ግን «ሱ»ን ከ«ሲ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። ከኋላው ብርሃን ሲበራበት ብርሃኑ ክፍተቱን ይውጠውና ቅጥያዋ ትጠፋለች። ስለዚህ ብዙ ነጋዴዎች እንደሚያደርጉት ፊደሉን ከእንግሊዝኛው ሥር እንደ ጥልፍ ማሳነስ ማለት እንዳይነበብ መፍረድ ነው። እንዲያውም ቢቻል ከእንግሊዝኛው ከፍ፣ ካልሆነም እኩል መሆን አለበት፤ አካሉ ወፍራም፣ ክፍተቱ ሰፊ ይሁን።

ፊደሉ ሲገለበጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጃችን ሱቁን ሲከፍት ታፔላውን ለማሰቀል አብሬው ሄጄ ነበር። የሱቁ ስም «ሀገር» በሚል ቃል ይጀምራል። ሠራተኞቹ ጎበዞች ናቸው፤ ፊደላችንን ግን ዓይተውት አያውቁም። እኛ ቡና ልናመጣ ሄድ ብለን ስንመለስ «ሀ» ተገልብጦ ተሰቅሏል። «ሀ» ሲገለበጥ «በ» ይሆናልና ሀገር «በገር» ሆና አገኘናት። ሳቅን፤ ወዳጄ ግን ሳቁ ቶሎ ጠፋበት። «አገሬን ገለበጧት» አለ። መሰላል ላይ ወጥቶ ራሱ በጣቱ እያሳየ አስተካከሉለት። «ሠ»ም እንዲሁ ናት፤ ከተገለበጠች «ጠ» ትመስላለች። ስለዚህ ፊደሎቹ አንድ በአንድ የሚሰቀሉ ከሆነ ከኋላቸው ቁጥርና ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ይጻፍባቸው፤ ሲሰቀሉም ማንበብ የሚችል ሰው ከሥር ይቁም።

ሌላው ጣጣ ኮምፒውተሩ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የግዕዝ ፕሮግራም የራሱ ስውር ቁጥር ነበረው፤ በዚያ የተጻፈ የቆየ ጽሑፍ ሌላ ቤት ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። መድኃኒቱ ጽሑፉን በዩኒኮድ ጽፎ፣ ወደ ቅርጽ ለውጦ፣ በፒዲኤፍ መስጠት ነው። ያኔ ፊደሉ ሥዕል ስለሚሆን የማንም ኮምፒውተር አያበላሸውም። ከመቆረጡ በፊት ግን የመጨረሻውን ንድፍ ሁለት ሰው አንብቦ ይፈርምበት።

እንግሊዝኛው ይቅር አላልንም። መንገደኛው አሜሪካዊ ምን እንደምንሸጥ ማወቅ አለበት፤ ያለ እርሱ ኪራይ አይከፈልም። ነገር ግን እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ከመኪናው የኋላ ወንበር ሆነው የሚያዩት የመጀመሪያው የአማርኛ፣ የትግርኛ ወይም የሌላ ቋንቋችን ጽሑፍ የሱቅ ታፔላ ሊሆን ይችላል። በ2002 ሎስ አንጀለስ የፌርፋክስን መንገድ አንድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ ስትሰይመው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ አስቀድመው ሰፈሩን የሰየሙት ባለሱቆቹ ነበሩ። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት።