ስለ ዝሆኔ በሽታና ምክንያቱን ስለ መረመረው ቀዶ ሐኪም
(በሬዲዮ የተነገረ)

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደንበጫ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው፣ መንገዱ በገበያ ቀን የሆነ እንደ ሆነ፣ ከገበያተኛው መካከል እግሩ ያበጠ፣ ቆዳው ደርቆ የሻከረ ገበሬ ያጋጥመዋል። ሕዝቡ በሽታውን ዝሆኔ ይለዋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ አንዱ የሞተ እባብ ረግጦ ነው ይላል፤ ሌላው እርግማን ነው ይላል፤ ብዙው ሰው ግን የዘር በሽታ ነው ብሎ ይደመድማል። ይህ ቃል ተነግሮ ብቻ የሚቀር አይደለም። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ የቤተ ሰቡ እግር አስቀድሞ ስለሚጠየቅ፣ ራሷ ምንም ያልነካት ልጅ በአባቷ እብጠት ምክንያት ባል ሳታገኝ ልትቀር ትችላለች።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ለብዙ ጊዜ ከስሕተት አልዳኑም። በሌላው ዓለም ቆላማ አገር እግርን የሚያሳብጠው በሽታ በትንኝ ከሚተላለፍ ቀጭን ትል እንደሚመጣ ስለ ታወቀ፣ የደጋው እብጠት ከዚያው ጋር ይቈጠር ነበረ። ነገር ግን ያ ትል በደጋ ብርድ አይራባም፤ የደጋው በሽተኛ ደም በሌሊት ተወስዶ ቢመረመርም ትሉ አይገኝበትም።

ነገሩን ከሥሩ የመረመረው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ፕራይስ በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም የነበረ፣ አስቀድሞም ስለ ውስጥ እግር ቍስል የጻፈ ሰው ስለ ሆነ፣ እግርን አጥብቆ መመልከት ልማዱ ነበረ። ከእርሱ በፊት ኡመን የተባለ ተመራማሪ በሽተኞችን በየገበያው እየቈጠረ በ1969 ጽፎ ነበር። ፕራይስ ግን ሰውን ከመቍጠር አልፎ የረገጠውን መሬት መረመረ። በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ በሽታው የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ እንደ ሆነ አመለከተ። ከበሽተኞች ብሽሽት ንፍፊት አውጥቶ በረቂቅ ማጉያ መነጽር ቢመለከት፣ ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለባቸው ጥቃቅን የአፈር ቅንጣቶች አገኘ። እንግዲህ ቅንጣቱ በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ገብቶ የሊምፍ ቧንቧን ቀስ በቀስ ይዘጋል ማለት ነው። በ1988 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ለበሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጣለት፤ ትርጓሜውም በግሪክ ቋንቋ የእግርና የአቧራ ማለት ነው። በ1990 ደግሞ ሥራውን ሁሉ ሰብስቦ በኦክስፎርድ በመጽሐፍ አሳተመው።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዘመን ጸጥታ ሆነ። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከእንግሊዛዊቷ ሐኪም ከጌይል ዴቪ ጋር ሆነው ጥናቱን እንደ ገና አነሡት፤ በ2011ም የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ከተዘነጉት የሐሩር አገር በሽታዎች ጋር መዘገበው። በ2012 በወጣው ጥናት በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት ሲቈጠር፣ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆነው ከመቶው ሰው ከሦስት የሚበልጠው ታሞ ተገኘ። ሁለት ዓመት ቈይቶ ደግሞ የጎጃም አፈር ተመርምሮ፣ ሰሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ የተባሉት ማዕድናት በበዙበት ስፍራ በሽታውም እንደሚበዛ ታወቀ። የፕራይስ ግምት ከሞላ ጎደል ጸና።

ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር ተከተለ። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለ የተባለው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ባሳተመው ጽሑፍ፣ በትውልድ የሚወረስ ዝንባሌ ሰውን ለዚህ በሽታ እንደሚያጋልጥ አስረዳ። ታዲያ የገበያው ወሬ እውነት ነበረን? በከፊል ነበረ፤ በጋብቻው ጕዳይ ግን ፈጽሞ ሐሰት ነው። የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ እብጠቱ አይደለም፤ ያ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ከተጫማና እግሩን ከታጠበ አፈሩ መግቢያ ያጣል። አንድ ወንድም ትምህርት ቤት ገብቶ ጫማ ሲያደርግ፣ ሌላው በባዶ እግሩ ሲያርስ ቢኖር፣ የሁለቱ እግር ልዩነት ከደማቸው አይመጣም።

ለታመመውም ቢሆን ተስፋ አለ። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ ወደ 700 የሚጠጉ በሽተኞች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ እግራቸውን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ተማሩ። በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፣ ከአልጋ የሚያውለው የትኵሳትና የሕመም መነሣት በእነዚህ ላይ ቀነሰ። ሳይጀምሩ የቈዩትም ዓመቱ ሲፈጸም ያው ሳሙናና ጫማ ተሰጣቸው።