ቆሼን ማን ያጽዳው? በማንስ ብር?

ታሪክ ሲባል የንጉሥና የጦርነት ብቻ ይመስለናል። ቆሻሻም ታሪክ አለው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እኛ ጉርድ ሾላ ያለን ሰዎች ቆሻሻችንን በማዳበሪያ ከረጢት አድርገን ለማኅበር ልጆች እንሰጣለን። ክፍያውን ከውሃ ጋር እንከፍላለን፣ በቃ፣ ከዓይናችን ጠፋ። ግን የትም አልጠፋም፤ ከተማውን አቋርጦ ደቡብ ምዕራብ ይሄድና ረጲ ይራገፋል። ሕዝቡ "ቆሼ" ያለው ቦታ ማለት ነው።

ቆሼ የተጀመረው በንጉሡ ዘመን፣ ቦታው ገና የከተማው ዳርቻ ሳለ ነው። ስፋቱ 36 ሄክታር ያህል ነው። ሲጀመር ዝም ብሎ መሬት ላይ መገልበጥ ነበር፤ ከሥሩ ፍሳሽ የሚይዝ ንጣፍ የለ፣ ጋዝ የሚወጣበት ቧንቧ የለ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ። መኪናው ግን መገልበጡን አላቆመም። ከተማው እየሰፋ ሄዶ ቆሼን ከበበው። ክምሩ ላይ ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ የሚያድሩ፣ ሥሩም ቤት የሠሩ ሰዎች በዙ።

መንግሥት መፍትሔ አልፈለገም አይባልም። በፈረንሳይ ልማት ድርጅት ገንዘብ ሰንዳፋ ላይ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬ ግን "ሽታው ገደለን፣ ውሃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን ታመሙ" ብሎ ተነሳ። በወራት ውስጥ ተዘጋ። ቆሻሻው ተመልሶ ቆሼ።

ዓመት ሳይሞላ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የረጲው ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ግንባታው ከአደጋው በፊት የተጀመረ ነው፤ ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር እንደወጣበት ተነግሯል። ግን ልብ በሉ፣ የታሰበው በየቀኑ የሚመጣውን አዲስ ቆሻሻ ለማቃጠል ነው፣ የአሮጌውን ክምር ዕዳ ለመክፈል አይደለም። ክምሩን ለማረጋጋት ከአደጋው በኋላ የጃፓን መንግሥት ገንዘብ ሰጠ፣ ዩኤን ሃቢታት ሥራውን ያዘ። "ፉኩኦካ" የሚሉት ዘዴ ነው፦ ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች በድንጋይ ተከበው ይቀበራሉ፣ ፍሳሹ ይወጣል፣ አየር ይገባል፣ ሚቴን ጋዙ ይቀንሳል። ጥሩ ሥራ ነው። ቢሆንም ክምሩን ያረጋጋል እንጂ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ወደ አፈር የሰረገውን መርዝ መልሶ አያወጣም።

አሜሪካ ውስጥ ላቭ ካናል የሚባል ሰፈር ነበር። አንድ የኬሚካል ፋብሪካ መርዙን ቀብሮ መሬቱን እ.ኤ.አ. በ1953 ለትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር ሸጠው። በላዩ ላይ ትምህርት ቤት ተሠራ! በ1978 ጉዳዩ ፈነዳ፣ ቤተሰቦች ሰፈሩን ለቀው ወጡ፣ በ1980 ደግሞ "ሱፐርፈንድ" የተባለው ሕግ ወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በነዳጅና በኬሚካል ኩባንያዎች ላይ ግብር ተጥሎ ገንዘቡ አስቀድሞ ይጠራቀማል፣ መንግሥት ቶሎ ያጸዳል፣ ከዚያ የበከለውን ፈልጎ ያስከፍላል። ግብሩ በ1995 ሲቋረጥ ግን ሸክሙ ወደ ተራው ግብር ከፋይ ዞረ።

እኛም ሕግ አለን። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። ወደ አቃቂ ወንዝ ለሚለቅ ፋብሪካ ይህ ይሠራል፣ መሥራትም አለበት፤ በዚያ ውሃ የሚለማውን ጎመንና ሰላጣ የምንበላው እኛው ነን። ቆሼን የበከለው ግን ማን ነው? እኔ፣ አንተ፣ አንቺ፣ ሆቴሉ፣ ሆስፒታሉ። አዲስ አበባ በሙሉ። ስለዚህ ለቆሼ የሚወጣ የሕዝብ ገንዘብ ምጽዋት አይደለም፣ ዕዳ ነው። የጃፓን ዕዳ ደግሞ አይደለም።

ገንዘብ የለም እንዳንል፣ በ2011 ዓ.ም. ለሸገር የወንዝ ዳር ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር በ29 ቢሊዮን ብር ይለማል ተብሎ ታቅዶ፣ ለአንድ እራት በሰው 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት አገር ነው። ወንዝ ዳር መልማቱን አልቃወምም፣ ሳየው ደስ ይለኛል። ግን ገንዘብ ቶሎ የሚገኘው ዓይን የሚያርፍበት፣ መሬቱም ዋጋ የሚያወጣበት ቦታ ላይ ነው። ቆሼ ደግሞ ሲናድ ብቻ ነው የታየው።

የኔ ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አሮጌ ክምርን ለማጽዳት አደጋ የማይጠብቅ ቋሚ በጀት ይኑር፣ ከምንከፍለው የቆሻሻ ክፍያ ላይ ትንሽ ተቆርጦም ቢሆን። ሁለተኛ፣ መሬት ሲጸዳ ዋጋው ይወጣል። ያን ጊዜ ሽታውን ስንት ዓመት የታገሰው ሰው ቀድሞ ተነሺ ሳይሆን ቀድሞ ተጠቃሚ ይሁን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉም ሰው መብት ነው ይላል፤ የረጲ ሰው ከዚህ "ሁሉም" ውስጥ አልወጣም።

ዘነበወርቅና አየር ጤና አካባቢ ያደጋችሁ፣ የምታስታውሱትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ይህ ታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ላይ የለም፤ እናንተ ካልነገራችሁን ማን ይነግረናል?