ማኅተሙ ማን ዘንድ ነው?

ዛሬ ከፓርቲና ከፓርላማ ወሬ ለአንድ ቀን ላሳርፋችሁ አስቤአለሁ። የማነሣው የኳስ ቡድን ጉዳይ ነው። ከፓርቲና ከፓርላማ ምን ያህል እንደ ራቅሁ ግን ጽሑፉን ስትጨርሱ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ነቀምቴ ላይ ነው። የወለጋን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ከረፋድ ጀምሮ ይወርዳል፣ ሜዳው ጭቃ ይሆናል፣ ተማሪው ሁሉ ደግሞ ዕረፍት ላይ ነው። በዚያ ጭቃ ላይ በየሰፈሩ ቡድን መሥርተን ክረምቱን ሙሉ እንጋጠም ነበር። የእኛ ሰፈር ቡድን መንግሥትም፣ ቤተ እምነትም፣ ትምህርት ቤትም ያቋቋመው አልነበረም። በየቅዳሜው ሃምሳ ሳንቲም እናዋጣለን። የቀደደውን ኳስ ጫማ ሰፊ ዘንድ እናስጠግናለን። የሜዳውን መስመር በአመድ እናሰምራለን። ማልያውን በተራ እናጥባለን። ሊቀመንበር፣ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ ነበሩን፤ ጸሐፊው እኔ ነበርሁ። ከሁሉ በላይ ግን ማኅተም ነበረን። ከጎማ የተቀረጸ፣ ፊደሉ የተንጋደደ፣ ቢሆንም ማኅተም! የክረምቱን ውድድር ለመመዝገብ ደብዳቤ ይጠየቅ ነበር፤ በአገራችን ደግሞ ማኅተም ያላረፈበት ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም።

አንድ ክረምት አንድ የቡና ነጋዴ አሥራ አራት ማልያና ሁለት የቆዳ ኳስ ገዛልን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ሳምንት ሳይሞላ ግን የነጋዴው የእኅት ልጅ አምበል ይሁን የሚል ቃል መጣ። ሊቀመንበራችን ተስማማ። እኩሌታው አባል «ሰውየው ማልያ ገዛ እንጂ ቡድኑን አልገዛም» አለ። ሌላው እኩሌታ «በሃምሳ ሳንቲም ማልያ አይገዛም» ሲል መለሰ። ስብሰባ ተጠራ፣ በእጅ ብልጫ አዲስ ኮሚቴ ተመረጠ። የቀድሞው ሊቀመንበር ግን ማኅተሙን ኪሱ ከትቶ ወጣ። «ይህን ቡድን ያቆምሁት እኔ ነኝ» ነበር የመጨረሻ ቃሉ።

እኔስ ምን አደረግሁ? የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ወደ ቤቴ ወስጄ ከአልጋዬ ሥር ደበቅሁት። ለየትኛውም ወገን አላስረከብሁም። ገለልተኛ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው እኔም እንደ ሊቀመንበሩ የጋራውን ንብረት ለራሴ ወስጃለሁ፤ እርሱ በኪሱ፣ እኔ ከአልጋዬ ሥር።

ውድድሩ በተጀመረበት ቀን በአንድ ስም ሁለት ቡድን ሜዳ ደረሰ። አንዱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዟል፣ ሌላው የብዙኃኑን ድምፅ። አዘጋጆቹ ጥቂት ተመካክረው ሁለቱንም መለሱ። ያን ክረምት ተቀምጠን የሌሎችን ጨዋታ ተመለከትን። በሚቀጥለው ክረምት ቡድኑ አልነበረም።

ለመሆኑ ሃምሳ ሳንቲም በሚዋጣበት ማኅበር ውስጥ ይህን ያህል ጠብ ከየት ይመጣል? እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ እዚህ ላይ ነው። በገንዘብ የተሠራ ነገር ደረሰኝ አለው፤ በጉልበት የተሠራ ነገር ግን ደረሰኝ የለውም። ያ ሊቀመንበር ለዓመታት በዝናብ እየተመላለሰ ቡድኑን አቁሟል። ይህን የሚመሰክርለት አንድ ብጣሽ ወረቀት እንኳ የለውም። ስለዚህ ማኅተሙን ደረሰኙ አደረገው። ደመወዝ የሌለው ሹም ከደመወዝተኛው ይልቅ ወንበሩን አጥብቆ የሚይዘው ስለዚህ ነው፤ ወንበሩ ራሱ ደመወዙ ሆኗልና።

ይህ በወለጋ ምድር መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። የኦሮሞ ሕዝብ የገዳ ሥርዓት፣ ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. የሰው ልጅ ቅርስ አድርጎ የመዘገበው፣ ዋና ቁም ነገሩ ስለ ሹመት ብቻ ሳይሆን ስለ መሻርም ነው። አባ ገዳው ስምንት ዓመት ይመራል፣ ሲያበቃ ባሊውን ለተረኛው ያስረክባል። ባሊ የሰጎን ላባ ነው፤ የሥልጣን ምልክት ነው። ርክክቡ በምሥጢር ሳይሆን በአደባባይ፣ ሕዝብ እያየ ነው። ሹሙ ደግም ሆነ ክፉ፣ ቀኑ ሲደርስ ይወርዳል። ለደከመበት ጉልበት ደረሰኙ ይኸው በክብር መውረዱ ነው።

በነቀምቴ ዙሪያ ግን ይህ ልማድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተሸረሸረ። የለቃ ነቀምቴ ባላባቶች፣ በከሬ ጎዳናና ልጁ ሞረዳ፣ ሥልጣኑን በቤታቸው አጸኑት። ሞረዳ ለምኒልክ ገብሮ ግዛቱን ጠበቀ፤ ከእርሱም ወደ ልጁ ወደ ኩምሳ፣ ኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ወደ ተባለው፣ ተላለፈ። የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ዛሬም ነቀምቴ ላይ ቆሟል። በልጅነታችን በአጥሩ ሥር ስናልፍ ትልቅነቱን እናደንቅ ነበር እንጂ ባሊው የት ገባ ብለን አልጠየቅንም። ለቤቱ ባለቤቶች ፍርድ መስጠቴ አይደለም፤ ዘመኑ የብርቱዎች ዘመን ነበር። ነገር ግን ተረክቦ የማስረከብ ልማድ አንዴ ከጠፋ በኳስ ቡድን ውስጥ እንኳ ተመልሶ እንደማይበቅል ልብ ይሏል።

ከሰፈር ወደ አገር እንለፍ። በ2000 ዓ.ም የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጠቅላላ ጉባኤ ፕሬዚዳንቱን ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስን ከኃላፊነት አነሣ። ፊፋ እርምጃውን አልተቀበለም። አንድ ፌዴሬሽን፣ ሁለት አመራር! አንዱ «ጉባኤው መርጦኛል» ይላል፣ ሌላው «ፊፋ የሚያውቀው እኔን ነው» ይላል። የእኛው የነቀምቴ ጭቃ ሜዳ አይደለምን? ማስታረቂያ መርሐ ግብር ወጣ፣ ሳይፈጸም ቀረ። በሐምሌ ወር ፊፋ ፌዴሬሽኑን አገደ፤ በመስከረም 2001 ዓ.ም ደግሞ ኢትዮጵያን ከ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አስወጣ፤ ውጤቶቿም ተሰረዙ። ያ የዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር የተደረገው ነበር። ማጣሪያው ለአፍሪካ ዋንጫም የሚያገለግል ስለ ነበር በአንድ ጠብ ሁለት በር ተዘጋ። እገዳው የተነሣው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱም ወገን የራሱ ክርክር ነበረው። ተጫዋቾቹ ግን ምን አጠፉ? እንደኛ ተቀምጠው የሌሎችን ጨዋታ ተመለከቱ።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። በ2012 እ.ኤ.አ. በጋ ከዚያ የክረምት ቡድናችን አንዱ፣ የግራ ክንፍ ተጫዋቻችን የነበረው፣ ከአሜሪካ ደወለልኝ። «ስማ እንጂ፣ ያ የነቀምቴው ነገር እዚህም ደረሰብን» አለ እየሳቀ። «ዳላስ ልሂድ ወይስ ዋሽንግተን?»

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ ከየከተማው ቡድኖች በሚላኩ ተወካዮች የሚመራ፣ ያለ ደመወዝ በሚያገለግሉ ሰዎች የቆመ ማኅበር ነው። በየዓመቱ በሐምሌ 4ቱ የአሜሪካ በዓል ሰሞን በሚያዘጋጀው ውድድር ስደተኛው ኳስ ብቻ አያይም፤ የተጠፋፋ ዘመድ ይገናኛል፣ ይጋባል፣ ይታረቃል። ለ2011ዱ የአትላንታ ውድድር ከእስር ወጥታ አሜሪካ የገባችው ዳኛና የፖለቲካ መሪ ብርቱካን ሚደቅሳ በክብር እንግድነት ተጋበዘች፤ ኋላ ግብዣው ተሰረዘ። ተቃዋሚዎች «ገንዘብ የሚሰጠው እንዳይቀየም ነው» አሉ። ሌሎች «ኳስና ፖለቲካ ይለያዩ» አሉ። ጠቡ እየሰፋ ሄዶ ማኅበሩ ተሰነጠቀ። በ2012 ነባሩ ፌዴሬሽን ዳላስ ላይ፣ በሼክ መሐመድ አል አሙዲ ድጋፍ የቆመው አዲሱ ማኅበር ደግሞ ዋሽንግተን ላይ፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ውድድር አደረጉ።

የግራ ክንፋችን የት እንደ ሄደ ታውቃላችሁ? የትም አልሄደም። «ዳላስ ብሄድ ወንድሜ ይቀየመኛል፣ ዋሽንግተን ብሄድ ጓደኞቼ» አለኝ። ያን ሳምንት እቤቱ ዋለ። የማኅበር ጠብ ትልቁ ኪሣራ ይህ ነው፤ ወደ ወዲያኛው ወገን የሚሄደው ሰው ሳይሆን ከሁለቱም የሚቀረው ሰው።

ይህን ስል ጠብ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። በ1957 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ሲመሠረት አባላቱ አራት ብቻ ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። በአራት አባል ማኅበር አንዱን ማጣት ሩቡን ማጣት ነው። ሆኖም ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ባለች ጊዜ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ያለ እርሷ በሦስት አገሮች ብቻ ተደረገ። በኋላም ኮንፌዴሬሽኑን ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የመሩት የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ በአፓርታይድ ላይ ያንኑ አቋም አጸኑ። ያ ጭቅጭቅ ስለ ሕጉ ነበር፤ ማን ይጫወት፣ በምን መብት። ስለ ሕግ የተደረገ ጠብ ማኅበርን ያጠነክራል። ስለ ማኅተም የተደረገ ጠብ ግን ያፈርሰዋል።

ልዩነቱን በሌላ ምሳሌ ላሳይ። በ2018 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በዳላሱ ውድድር ላይ ልገኝ ብለው በጠየቁ ጊዜ የሰሜን አሜሪካው ፌዴሬሽን ቦርድ ተወያይቶ ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ። ብዙ ሰው ተቆጣ፣ ብዙ ሰው ደገፈ። ውሳኔው ልክ ነበር አልነበረም የሚለውን ለእናንተ ልተወው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤ ጭቅጭቁ በረታ እንጂ ማኅበሩ እንደ 2012ቱ አልተሰነጠቀም። ምናልባት ከቁስል የተማረ ነገር ይኖር ይሆናል። ታሪክ ቀልድም ታውቃለች፤ የክብር እንግድነቷ ማኅበር ያናጋው ብርቱካን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የኢትዮጵያ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ በራሷ ፈቃድ ለቀቀች። ስለ ሥራዋ የሚባለው ብዙ ነው። ወንበር በፈቃድ ሲለቀቅ ማየት ግን በአገራችን ብርቅ መሆኑን ማን ይክዳል?

እንግዲህ ምን ይሻላል? እኔ ከዚያ የጭቃ ሜዳ የተማርሁት ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የሚወርዱበት ቀን ከሚወጡበት ቀን በፊት ይጻፍ። ሁለተኛው፣ ለጋስ ሲመጣ ስጦታው ይመስገን፣ የአባላት መዋጮ ግን ትንሽም ቢሆን አይቋረጥ፤ ሃምሳ ሳንቲም የሚያወጣ ሰው «የእኔ ነው» ለማለት መብት አለውና። ሦስተኛው፣ ለደከመ ሰው ምስጋናውን ወንበሩ ላይ ሳለ ሳይሆን ሲወርድ እንስጠው። የቀድሞው ሊቀመንበራችን ያን ቀን አንድ ሰው ተነሥቶ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ደክመህልናል» ቢለው ኖሮ ማኅተሙን ከኪሱ ያወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ማንም አላለውም። እኔም ጸሐፊው አላልሁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነቀምቴ ሄጄ በእናቴ ቤት ሣጥን ውስጥ ያን መዝገብ አገኘሁት። ዳሩን አይጥ በልቶታል። የመጨረሻው መስመር በገዛ እጄ ጽሕፈት «ርክክቡ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተላልፏል» ይላል። ሊቀመንበራችን በሕይወት የለም፤ ማኅተሙ የት እንደ ገባ ልጆቹም አያውቁም። መዝገቡን በዚያው ሰፈር አሁን ቡድን ለሚመሩት ልጆች ወስጄ ሰጠኋቸው። ተገርመው አገላበጡት፣ ከዚያም አንደኛው «ጋሼ፣ ይህን ለምንድን ነው ለእኛ የሚሰጡን?» ሲል ጠየቀኝ።

«ቅዳሜ ስለ ደረሰ ነው» አልሁት።

ከእናንተም መካከል በመሳቢያው ውስጥ የእድር፣ የማኅበር ወይም የቡድን መዝገብ የቀረበት ሰው ቢኖር፣ እባካችሁ ለባለቤቶቹ መልሱ።