ጨው፣ መስኖና ሰብል፦ ከአዋሽ ሸለቆ ታሪክ የሚቀሰም ትምህርት

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከተጠናቀቀና የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በሸለቆው ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች ተስፋፉ። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሳዲ ጥጥና ሙዝ ለማ። ይሁን እንጂ ውኃ ለማስገባት የታሰበውን ያህል ትርፉን ለማስወጣት አልታሰበም። የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ላይ ቀረበ፤ ፀሐይ ውኃውን ስታተነው ጨዉ በማሳው ላይ ቀረ። ሙዝ ቀድሞ ተጎዳ፤ ጥጥ የተሻለ ቢቋቋምም ውሎ አድሮ የጥጥ ማሳዎችም ከምርት ውጪ ሆኑ።

ልዩነቱ የሚመነጨው ከተክሉ ተፈጥሮ ነው። ጨው በበዛበት አፈር ሥሩ ውኃ መሳብ ይሳነዋል። ጨው ቻይ ሰብሎች ግን ጨዉን ከሥራቸው ያግዳሉ፤ የገባውንም በሕዋሳቸው ውስጥ ለብቻው ያከማቻሉ። ማስና ሆፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1969 ዓ.ም. ባወጡት ሠንጠረዥ፣ በአፈር ጨዋማነት መለኪያ (ዴሲሲመንስ በሜትር) የገብስ ምርት መቀነስ የሚጀምረው ከ8 በላይ፣ የጥጥ ከ7.7፣ የስንዴ ከ6፣ የቲማቲም ከ2.5፣ የሽንኩርት ከ1.2 በላይ ሲሆን ነው።

በዓለም ገና አካባቢ የክረምቱ ዝናብ ጨዉን አጥቦ ስለሚወስድ ችግሩ እንደ ቆላው አይከብድም። ቢሆንም በበጋ መስኖ የሚለሙት ሽንኩርትና ቲማቲም ጨው እምብዛም አይችሉም፤ ጥቁሩ መሬትም ውኃ ይቋጥራል። በመሆኑም አባላት የመስኖ ቦይ ሲቀዱ የማንጣፈፊያውንም አብረው ሊቀዱ ይገባል። ጨው ቻይ ሰብል ጊዜ ይሰጣል እንጂ የታመመ መሬት አያድንም።