ባሌስትራ ሲደረብ ምን ይጎድላል? የመኪና የፊት እግር ታሪክ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ለረጅም ዘመን ጠጠር ነበር። በእንዲህ ያለ መስመር መኪና የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ምን ያህል ይጭናል? ስለዚህ ባለንብረቱ ባሌስትራ ያስደርባል። «ጠንካራ እግር» ማለት «ጥሩ እግር» ማለት ሆኖ ቀረ። የእሽቅድድም መኪና ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል፤ ኩርባ ላይ መንገድ የሚይዘው የደነደነ እግር ሳይሆን ጎማውን ከመሬት የማያስለቅቅ እግር ነው።

ባሌስትራን የሙሉ መልስ ያደረገው ታሪክ ነው። ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቦሎ፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወራሪው ጦር ስንቁንም ወታደሩንም ያመላለሰው በጭነት መኪና ነበር። አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ በቢቸና ዙሪያ ሲዋጉ የጠላት ጉልበት ያለ መንገድና ያለ ድልድይ ከንቱ ነበር። ከሞጣ ወደ ጎንደር በኩል ዓባይን የሚያሻግረው የፋሲል ዘመን ድልድይ በዚያ ጦርነት ተሰብሮ «ሰባራ ድልድይ» የሚል ስም ይዞ ቀረ። ፊያት 634 «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ ታወቀ፤ ከነጻነት በኋላ ደግሞ «ኤንትሬ» መጣ። ሁለቱም ለጭነት የተሠሩ፣ ፊታቸው በድፍን አክስልና በባሌስትራ ላይ የቆመ መኪኖች ነበሩ። የአገሩ ሰው መኪናን ያወቀው በእነሱ ነው።

የሚገርመው፣ ከዚያችው ጣልያን ሌላ መንገድ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ድፍን አክስል ባለው መኪና የግራው ጎማ ድንጋይ ሲወጣ የቀኙም አብሮ ይዘማል። እ.ኤ.አ. በ1922 የታየችው ላንቺያ ላምዳ ግን ሁለቱን የፊት ጎማዎች ነጣጥላ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሞላ ሰጠች። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ካዲላክ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊ ደግሞ የፊቱ ሞላ ከኋላው ለስለስ ማለት እንዳለበት በሙከራ አሳየ። ድፍን አክስል ላይ ያ ልስላሴ መሪውን ያርገፈግፈዋል፤ ስለዚህ የ1934ቱ ካዲላክ ጎማዎቹ የተነጣጠሉበት የፊት እግር ይዞ ወጣ።

የእሽቅድድም መካኒኮች ይህን እውቀት ወደ ኩርባ ወሰዱት። መኪና ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ውጪኛው ጎማ ይሸሻል። ጎማ ደግሞ ሸክሙ እጥፍ ሲሆንለት የመያዝ ኃይሉ እጥፍ አይሆንም። ሁለት ጎማዎች 500፣ 500 ኪሎ ቢሸከሙ፣ አንዱ 800 ሌላው 200 ከሚሸከሙበት የበለጠ መንገድ ይይዛሉ። የፊቱ እግር ከኋላው ይልቅ ሲደነድን፣ ከሚሸሸው ክብደት አብዛኛው በውጪኛው የፊት ጎማ ላይ ይወድቃል። ያኔ ሹፌሩ መሪ ያዞራል፤ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ከኩርባው ለመውጣት ይታገላል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ፊቱን ማለስለስ ነው። በተጨማሪም የጎማው አናት ጥቂት ወደ ውስጥ እንዲዘም ይደረጋል፤ መኪናው ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ሲያጋድል ውጪኛው ጎማ በሙሉ ገጹ መሬት እንዲነካ።

ለአፍሪካ መንገድ የሚቀርበው ምስክር ጎረቤት አገር አለ። ከ1953 ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ በሚካሄደው የሳፋሪ ራሊ ጭቃውንና ድንጋዩን አልፎ በ1975 እና በ1978 ያሸነፈው ፔጆ 504 ነበር። ይህ መኪና የሚታወቀው ረጅም መንገድ በሚሄድ ለስላሳ እግሩ ነው። ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ ይወርዳል፣ ድንጋዩን ተከትሎ ይወጣል፤ ከመሬት ግን አይለይም።

ይህ ማለት ከቢቸና እህል የሚጭን መኪና እንደ እሽቅድድም መኪና ይሠራ ማለት አይደለም። ሸክም ባሌስትራ ይፈልጋል። ነገር ግን የተደረበው ባሌስትራ መሸከምን እንጂ መያዝን አልጨመረም፤ ፍሬንም አልጨመረም። ባዶውን ሲመለስማ ይብሳል፤ የደነደነው እግር የሚጫነው ሸክም ስለሌለ ጎማው በየጉድጓዱ ይነጥራል፣ የነጠረ ጎማ ደግሞ ለመሪም ለፍሬንም አይታዘዝም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገልጿል። መኪና ከኩርባ ሲወጣ «ፍጥነት ነው»፣ «መንገዱ ነው» ይባላል፤ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። የፊቱ እግር ግን እምብዛም አይጠየቅም። የደከመ ሾክ፣ የላላ የመሪ መገጣጠሚያ፣ አንድ ወገኑ ብቻ የተበላ ጎማ ከአደጋው በፊት የሚናገሩ ምስክሮች ናቸው። የሞጣ ተሳፋሪ ሕይወት የተንጠለጠለው መስታወቱ ላይ በተለጠፈው ቦሎ ላይ ሳይሆን፣ መሬቱን በሚነኩት ሁለት መዳፍ በሚያህሉ የፊት ጎማ ገጾች ላይ ነው።