የመርሳት ዋዜማ

በየቤታችን አንድ አዛውንት ስም ሲጠፋባቸው፣ ያንኑ ወሬ ሦስቴ ሲያወሩ “ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው” እንላለን። ሲብስባቸው ደግሞ “ጃጁ” ብለን እናልፋለን። ነገሩ እርጅና ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ ግን ዓለምም ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። እስኪ ዛሬ ወደ ሁለት የጀርመን ከተሞች ጎራ እንበል።

የመጀመሪያዋ ፍራንክፈርት ናት። እ.ኤ.አ. በ1901 አውጉስተ የምትባል የ51 ዓመት ሴት ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር ስሟን ሲጠይቃት አውጉስተ አለችው። የባሏን ስም ሲጠይቃትም መልሷ ያው አውጉስተ ነበር! 51 ዓመት እንግዲህ የመጃጃ ዕድሜ አይደለም። በ1906 ስትሞት አልዛይመር አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መረመረ፤ በነርቭ ሴሎቿ መካከል የተከማቸ ባዕድ ነገር፣ በውስጣቸውም የተተበተበ ክር አየ። በ1910 በሽታው በስሙ ተጠራ። ምን ዋጋ አለው? ምስጢሩ የታየው እሷ ካለፈች በኋላ ነው።

በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ምን እያደረገ እንደሆነ ለማወቅ ወደ ሁለተኛዋ ከተማ፣ ወደ ጄና መሄድ ያስፈልጋል። የዚያ ከተማ ሐኪም ሐንስ በርገር በወታደርነቱ ዘመን ከፈረስ ወድቆ ለጥቂት ከሞት ተርፎ ነበር። በዚያው ቀን ከቤተሰቡ ቴሌግራም ደረሰው፤ እህቱ ክፉ ነገር አግኝቶታል ብላ ተጨንቃ ኖሯል። በርገር “ሐሳብ ከአንጎል ወደ አንጎል ይጓዛል” ብሎ አመነ፣ ማስረጃውንም ሲፈልግ ኖረ። የፈለገውን አላገኘም። በ1924 ግን ከሰው አንጎል የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ ዛሬ ኢ.ኢ.ጂ. የምንለው ማለት ነው። በ1929 ሲያሳትመው ብዙዎች አላመኑትም። በ1934 ካምብሪጅ ውስጥ ኤድሪያንና ማቲውስ ሙከራውን ደግመው እውነት መሆኑን አረጋገጡለት።

ዐይኑን ጨፍኖ ዘና ያለ ጤነኛ ሰው ሞገድ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ ይወጣል ይወርዳል። በርገር በ1930ዎቹ መጀመሪያ የአልዛይመር ሕሙማንን ሲመዘግብ ግን ሞገዱ ተለውጦ አገኘው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም ደጋግመው ያዩት ይህንኑ ነው፤ በሽታው ሲገፋ ሞገዱ ይዘገያል።

ታዲያ ምልክቱ ከ90 ዓመት በፊት ታይቶ ለምን እስከ ዛሬ ቆየ? እንቅልፍ፣ መድኃኒት፣ ሌላም በሽታ ሞገዱን ያዘገየዋል። የዋዜማው ለውጥ ደግሞ በዐይን ለመለየት እጅግ ረቂቅ ነው። አሁን ኮምፒውተር እያገዘ ነው። የእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2025 ይፋ ባደረጉት ጥናት ሰውየው ለ3 ደቂቃ ያህል ሥዕል ማየት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ አንጎሉ ቀድሞ ያየውን ማወቅ አለማወቁን ሞገዱ ይናገራል። ገና ምርምር ነው፤ ብቻውን “ታመሃል” ለማለት አይበቃም።

ቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል? በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ የሚሰጠው በሽታው ጅምር ላይ ላለ ሰው ነው። እሱም ያዘገያል እንጂ አያድንም።

አንድ ነገር ግን እንዳንረሳ። ያንን መስኮት የከፈተው በርገር፣ በናዚ ዘመን በጄና የዘር ጤና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተቀምጧል፤ “የአእምሮ ጉድለት አለባቸው” የተባሉ ሰዎች በግድ እንዲመክኑ ከፈረዱት አንዱ ነበር። የሰውን አንጎል ማንበብ መቻልና ሰውን ማክበር ለየቅል መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚነግረን የለም።

ስለዚህ ነገ ይህ ምርመራ ወደየሰፈራችን ሲመጣ ጥያቄያችን “ማሽኑ ምን አለ?” ብቻ ባይሆን ደስ ይለናል። ውጤቱን ማን ያየዋል? ባለቤቱ ሳይረሳ በፊት የራሱን ነገር ራሱ እንዲወስን ይረዳዋል ወይስ ሌሎች እንዲወስኑበት? መልሱን ከሞገዱ አናገኘውም፤ ከእኛው ነው የሚጠበቀው።